ፊዚክስ 61 ነበረኝ... ካርዱ ላይ ግን 84 ሆኖ መጣ!

የዛሬው ጉዳያችን የፍቅር አይደለም። የትዳርም አይደለም። የካርድ ነው... የትምህርት ቤት ካርድ! “እሱማ የሕፃናት ገጽ ላይ ይውጣ” ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት። እዚህ ከተማ ውስጥ በካርድ የተነሳ እራት ሳይበላ የሚታደርበት ቤት በፍቅር የተነሳ ከሚታደርበት አያንስም። ለዚህ አምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች የማውቀውን ነው የምነግራችሁ።

ደብዳቤው የመጣው ከአፍንጮ በር ነው። ከደብተር በተገነጠለ ሁለት ሉክ ወረቀት፣ ፊትና ጀርባ፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ተጽፎ ነው የደረሰን። ማንነቷን የሚያሳብቀውን አውጥተን፣ የረዘመውንም አሳጥረን እነሆ...

“ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ የ18 ዓመት ወጣት ስሆን የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የምማረው በግል ትምህርት ቤት ነው። አባዬ የራሱ ሥራ አለው፤ እማዬ ቤት ውስጥ ናት። እኔ የመጨረሻ ልጅ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ውጭ አገር ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያዬን ብዙውን የሚልክልን እሱ ነው።

“የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ካርድ ሲሰጥ ፊዚክስ 61 አመጣሁ። ከዚያ በፊት ከ80 በታች ብዙም አይቼ አላውቅም። በዚህ የተነሳ 4ኛ የነበርኩት 13ኛ ወጣሁ። እውነቱን ልንገርዎትና እኔ አልገረመኝም። ፈተናውን ስሠራ ግማሹ አልገባኝም ነበር። ወረቀቱም ተመልሶልኝ አይቼዋለሁ። እንዲያውም ስሌቱን ሳልጨርስ ፎርሙላውን በትክክል ስለጻፍኩ ብቻ ቲቸር ማርክ የሰጡኝ ሁለት ቦታ ላይ ነበር።

“አባዬ ካርዱን ሲያይ ግን ቤቱ ተቀወጠ። ‘ይኼን ሁሉ ብር እየከፈልን 61? ልጁ እዚያ በብርድ እየሠራ የሚልከው ለ61 ነው?’ አለ። ‘ይኼን አስተማሪ ምን አድርገሽው ነው?’ ብሎ አፋጠጠኝ። ‘ምንም’ ብለው አላመነኝም። እኔም ስፈራ... እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ... ‘እኔ እንጃ፣ እሱ ለሴት ማርክ አይሰጥም ይላሉ’ አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እንደዚያ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

“በማግስቱ አባዬ ሱፉን ለብሶ፣ እማዬን አስከትሎ ትምህርት ቤት ሄደ። ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ውስጥ የጮኸው ኮሪደር ድረስ ተሰማ። ቲቸር ተጠሩ። ‘ወረቀቷን ላምጣና አብረን እንየው’ ቢሉት አባዬ ‘ወረቀት አላይም! ልጄን አውቃታለሁ’ አለ። በዚያው ሰሞን ሌሎች ሁለት ወላጆችም በእሳቸው ትምህርት ተጣልተው ነበር። በሦስተኛው ቀን ‘ካርድሽን መልሺ’ ተባልኩና አዲስ ካርድ ተሰጠኝ። ፊዚክስ 84! ደረጃዬም 5ኛ!

“አባዬ ካርዱን ቡፌው ላይ፣ ከወንድሜ የምርቃት ፎቶ አጠገብ አቆመው። ፎቶ አንስቶም ለወንድሜ ላከለት። ክፍል ውስጥ ግን ሁሉም ሰምቷል። ‘ሰማንያ አራት’ ብለው ነው የሚጠሩኝ። የቅርብ ጓደኛዬ 79 አምጥታ ስለነበር በለጥኳት፤ ከዚያ ወዲህ አብራኝ አትቀመጥም።

“ከሁሉ የባሰብኝ የቲቸር ነገር ነው። አልተቆጡኝም። አልሰደቡኝም። ግን የምሠራውን ሁሉ ራይት ያደርጉልኛል። የቤት ሥራ ስሰጣቸው ሳያነቡ ራይት... ራይት... ራይት። አንድ ቀን ልሞክር ብዬ አውቄ የማይሆን ነገር ጻፍኩ። ጥያቄው ስለ አንድ መኪና ፍጥነት ነበር፤ እኔ መልሱን በኪሎ ግራም ጻፍኩት። ራይት! 10 ከ10! የዚያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

“ብሔራዊ ፈተናው እየደረሰ ነው። ፊዚክስ አልገባኝም፤ የሚያስረዳኝም የለም። ቲቸር በዓመቱ መጨረሻ ይለቃሉ ይባላል፤ ‘ወላጆች ናቸው ያስለቀቋቸው’ የሚሉም አሉ። ለአባዬ እውነቱን ብነግረው የሚሆነውን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ዝም እንዳልል ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ይሻለኛል?

“‘ሰማንያ አራት’ ነኝ፣ ከአፍንጮ በር።”

እህታችን ‘ሰማንያ አራት’፣ ራስሽ በፈረምሽበት ስም ስለምጠራሽ ቅር አይበልሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ፣ አልዋሽሽም፣ የኪሎ ግራሙ ነገር አሳቀኝ። በሁለተኛው ሳነበው ግን ሳቁ ጠፋ።

መልስ ከመጻፌ በፊት አንድ የማውቃቸውን ጡረታ የወጡ መምህር ፈልጌ አገኘኋቸው። በመንግሥትም በግልም ትምህርት ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ካለች አንዲት ትንሽ ቡና ቤት ቁጭ ብለን፣ ያንቺን ነገር ስምና ቦታ ሳልጠራ አጫወትኳቸው። እሳቸው በኪሎ ግራሙ አልሳቁም። ማኪያቷቸውን እያማሰሉ ዝም ብለው ቆዩና፣ “ልጅቷ ተቀይሟታል ብላ ነው የምታስበው አይደል?” አሉኝ። “አዎ” አልኳቸው። “አልተቀየማትም። ፈርቷታል” አሉ።

እንዴት አስተማሪ ተማሪውን ይፈራል አልኳቸው። ያስረዱኝን ላንቺም ለሌሎችም ስለሚጠቅም ላስፋው።

አንድ መምህር ማርኩን በየጊዜው የሚመዘግበው በራሱ ማርክ ሊስት ላይ ነው። መንፈቅ ዓመቱ ሲያልቅ ለክፍሉ ኃላፊ፣ ማለት ለሆም ሩም ቲቸር ያስረክበዋል። እሱ የሁሉንም ትምህርት አሰባስቦ ሮስተር ይሠራል፤ ድምር፣ ኤቨሬጅ፣ ደረጃ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። ካርድሽም፣ ወደፊት የሚሰጥሽ ትራንስክሪፕትም ከዚያ የተቀዳ ነው። እንግዲህ 61 በሦስት ቀን ውስጥ 84 የሚሆነው አንድም መምህሩ ማርክ ሊስቱን ሲለውጥ፣ አንድም ከእሱ በላይ ያለ ሰው ሮስተሩን ሲያስለውጥ ነው። “በግል ትምህርት ቤት” አሉ መምህሩ፣ “ወላጁ ልጁን ይዞ ከወጣ የወር ክፍያው አብሮ ይወጣል። መምህሩ ቢወጣ ግን በማግስቱ ሌላ መምህር ይቀጠራል። ኮንትራቱ በየዓመቱ የሚታደስ ልጅ ከዚህ ጋር ምን ብሎ ይከራከራል? አንዴ አንገቱን ከደፋ በኋላ ራይት ማድረግ ይቀለዋል።”

ይህን ስሰማ አባትሽን ብቻ ልወቅስ አፌን ከፍቼ ነበር... ግን ደግሞ ቆም አልኩ። ምክንያቱም ማርክ ይሳሳታል! የመምህራን ወገን ነኝ የሚል ሁሉ ይህን ይዘለዋል። 67 ከማርክ ሊስት ወደ ሮስተር ሲገለበጥ 76 ይሆናል፤ 76ም 67 ይሆናል። የአንዷ ማርክ በፊደል ተራ ከበታችዋ ላለችው ይጻፋል። ስድሳ ልጅ ያለበት ሦስት አራት ክፍል የሚያስተምር ሰው፣ ሌሊት በደከመ ዓይን ሲደምር ባይሳሳት ነው የሚገርመው። ቂም ይዞ የሚቀንስ የለም ብዬም አልምልም። ስለዚህ ወላጅ “ይህ ማርክ ከየት መጣ?” ብሎ መጠየቁ መብቱ ነው። እንዲያውም ብዙ የማይጠይቅ ወላጅ ነው ያለን። በመንግሥት ትምህርት ቤት ያሉ መምህራንን ብታናግሪያቸው ችግራቸው የተገላቢጦሽ ነው፤ ወላጅ አምጡ ሲባል ልጆቹ ጎረቤት ወይም መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው “አጎቴ ነው” ብለው ይዘው ይመጣሉ።

አባትሽ የተሳሳተው መሄዱ ላይ አይደለም። “ወረቀት አላይም” ያለው ላይ ነው። ወረቀቱ እኮ እዚያው ነበረ! መምህሩ ላምጣው ብለዋል። አምጥተውት ቢሆን ኖሮ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ነገር ይለይ ነበር። ስህተት ካለ ይታረማል፤ ከሌለም አባትሽ ልጁ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደወደቀች ያያል። ከሁለት አንዱን ይዞ ይመለስ ነበር። እሱ ግን ይዞ የተመለሰው ቁጥር ብቻ ነው።

እስቲ ደግሞ ለአባትሽ ልሟገትለት። ዕድሜውን አልነገርሽኝም፤ አምሳዎቹ ውስጥ ነው ብዬ ልገምት። እንዲያ ከሆነ እሱ 12ኛ ክፍልን የጨረሰው በ‘ማትሪክ’ ዘመን ነው። ያኔ ውጤቱ በፊደል ነበር የሚነገረው፤ ኤ አራት ነጥብ፣ ቢ ሦስት እያለ ይወርዳል። ዩኒቨርሲቲ የሚባለውም አገሪቱ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ስለነበር፣ ማትሪክ ያለፈና የወደቀ የሰፈር ልጅ ከዚያች ቀን ጀምሮ መንገዳቸው ለየቅል ነበር። ማትሪክ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቀርቶ በሌላ ፈተና ተተክቷል፤ በአባቶቻችን ሆድ ውስጥ ግን አልቀረም። ስለዚህ አባትሽ 61ን ሲያይ ያየው ያንቺን ፊዚክስ አይደለም። በሩ ሲዘጋ ነው ያየው። በዚያ ላይ የወንድምሽ ገንዘብ አለበት። በልጁ ላብ የሚከፈል ነገር ላይ ሰው ሚዛኑን ቢስት አይፈረድበትም።

ግን 61 ምን ያህል ቁጥር እንደሆነ አባትሽ ቢያውቅ ምን ይል ነበር?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው የተፈተኑት በጥቅምት 2015 ነበር። ከዚያ በፊት ፈተናው በየትምህርት ቤቱ ነበር የሚሰጠው፤ ኩረጃው አገር ያወቀው ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጭራሽ ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል። እናላችሁ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የተሰጠው ፈተና ውጤት በጥር 2015 ሲነገር፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከመቶው ሦስት ሰው! “የመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ነው” ተባለ። በቀጣዩ ዓመት ከ845 ሺሕ በላይ ተፈትነው 27,267 አለፉ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። እያደገ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ከመቶው ከዘጠና በላዩ ከግማሽ በታች ነው።

አሁን ወደ ካርዱ እንመለስ። እነዚያ ሁሉ ተማሪዎች 12ኛ ክፍል የደረሱት ከ9ኛ ወደ 10ኛ፣ ከ10ኛ ወደ 11ኛ “ተዛውሯል፣ ተዛውራለች” የሚል ካርድ እየያዙ ነው። እያንዳንዱ ካርድ ላይ የመምህር ፊርማ አለ፣ የወላጅም ፊርማ አለ። ስንቱ ካርድ ላይ 84 ተጽፎ ነበር ትያለሽ? ስንቱስ ቡፌ ላይ ቆሞ ነበር? የፈተናው ዕለት ግን አባት ዩኒት ሊደር ቢሮ ገብቶ የሚጮህበት ቦታ የለም። ያስተማረሽ ሰው አይደለም የሚያርመው፤ ፎርሙላ ስለጻፍሽ የሚያዝንልሽም የለም።

ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ያንቺ 61 በሐቅ የተገኘ 61 ነበር ለማለት ነው። የትምህርት ቤት ፈተናና ብሔራዊ ፈተና አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ሆኖም ጠበቅ አድርጎ ከሚያርም መምህር 61 ማግኘት ከግማሽ በላይ ታውቂያለሽ ማለት ነው። የቀረሽም የትኛው እንደሆነ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎልሽ ነበር። 84 ምን ይነግርሻል? ምንም!

እዚህ ላይ በእኛ አገር ብቻ ነው የሚል ካለ ይታገሠኝ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት እንግሊዝ ውስጥ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሲሰረዝ፣ መምህራን ለየተማሪያቸው ግምት እንዲሰጡ ተደረገ። መንግሥት ደግሞ ‘መምህራን አብዝተው ሰጥተዋል’ ብሎ በኮምፒዩተር ቀመር አስተካከለው፤ ከመቶው ወደ 40 የሚጠጋው ውጤት ከመምህራኑ ግምት ወረደ። ልጆቹ አደባባይ ወጡ፣ ወላጆች ጮኹ፣ በቀናት ውስጥ መንግሥት ሐሳቡን ለውጦ የመምህራኑን ግምት ተቀበለ። ማንን ማመን እንደሚገባ የጠፋበት አገር እኛ ብቻ አይደለንም።

በነገራችን ላይ ሰፈራችሁ በትምህርት ጉዳይ ጭቅጭቅ ሲያይ የመጀመሪያው አይደለም። የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት፣ ዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው እዚሁ አራዳ ነው። ያኔ ጭቅጭቁ ስለ ማርክ አልነበረም። “የፈረንጅ ትምህርት ልጆቻችንን ከሃይማኖት ያወጣቸዋል” የሚል ነበር፤ ለዚህም ሲባል መምህራኑ ሃይማኖታቸው ከእኛው ከሚቀርብ ከግብፅ ቅብጦች እንዲመጡ ተደረገ። ዛሬ ልጁን የማይልክ የለም። ፈረንጁንም ቅብጡንም የረሳ ወላጅ “ስንተኛ ወጣ?” ነው የሚለው።

ክርክሩን የሚያብሰው ሌላም ነገር አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና የሚባለውን ካመጣ ወዲህ፣ ማርክ በአንድ ፈተና ብቻ አይወሰንም። ኩዊዝ፣ ቴስት፣ የቤት ሥራ፣ የቡድን ሥራ፣ ፕሮጀክት... ይህ ሁሉ ይደመራል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አንድ ቀን ታሞ የፈተና ቀን የወደቀ ልጅ ዓመቱ አይበላሽበትም። ነገር ግን ማርኩ በየሳምንቱ በመምህሩ እጅ ጥቂት ጥቂት ስለሚሰጥ፣ የሚጨመርበትም የሚቀነስበትም ቀዳዳ ይበዛል። ወላጅ ይህን ያውቃል። “እስቲ ከቡድን ሥራው ላይ ጨምርላት” የሚለው ልመና የተጀመረው ከዚህ ነው። ባለጸጋው በግል ትምህርት ቤት ይቆጣል፤ ድሃው በመንግሥት ትምህርት ቤት ይለምናል፤ የሚፈልጉት አንድ ነው።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ፤ አንድ መራራ ነገር አለኝ።

“ለሴት ማርክ አይሰጥም” ያልሽው ነገር ትንሽ ውሸት አይደለም። ፈርተሽ ነው፤ ገብቶኛል። አባት ሲያፈጥ የማይዋሽ ልጅ ጥቂት ነው። ግን አባትሽ ያንን ቃል ቢሮ ውስጥ ለመናገሩ እርግጠኛ ነኝ። መምህሩም ሰምተውታል። አየሽ፣ በእውነት የሚበደሉ ሴት ተማሪዎች አሉ። ማርክ መያዣ አድርጎ “ብቻሽን ነይ” የሚል መምህር እንዳለ ለዚህ አምድ የጻፉ ልጆች አሉ። እነሱ የሚናገሩትን ለማመን ሰዎች ስንት ጊዜ ያመነታሉ! ያንቺ ዓይነት ቃል አንድ ጊዜ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ፣ በሚቀጥለው እውነተኛዋ ስትመጣ “እነዚህ ልጆች ልማዳቸው ነው” ትባላለች። (እግረ መንገዴን፣ እንዲህ ያለ እውነተኛ በደል የደረሰባችሁ እህቶች ዝም አትበሉ። ለቤተሰብ፣ ለትምህርት ቤቱ የሥርዓተ ፆታ ክበብ፣ ለምታምኑት አንድ መምህር ንገሩ፤ ለእኛም ጻፉ።)

ስለዚህ መጀመሪያ የምትሄጂው ወደ አባትሽ አይደለም። ወደ ዳይሬክተሩም እንዳትሄጂ! ‘ማርኬ በሐሰት ተጨምሯል’ ብለሽ ቢሮ ብትገቢ የሚጠየቁት መጀመሪያ መምህሩ ናቸው። ሳታስቢው ለሁለተኛ ጊዜ ታስጠቂያቸዋለሽ።

ወደ እሳቸው ሂጂ። ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ግን በር ክፍት በሆነበት ክፍል። ያንን የኪሎ ግራም ወረቀት ይዘሽ ግቢ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪውና “ቲቸር፣ ይኼን ይረሙልኝ” በያቸው። ሌላ ንግግር አታዘጋጂ። ሲያዩት ይገባቸዋል። ከዚያ ለአባትሽ ያልሽውን በራስሽ አፍ ንገሪያቸውና ይቅርታ ጠይቂ። ሊቆጡ ይችላሉ፤ ይቆጡ። ከሳምንታት ዝምታ ቁጣው ይሻልሻል። ስለ 84ቱም እዚያው ጠይቂያቸው፤ “ይመለስ ብል እርስዎን ይጎዳዎታል ወይ?” በያቸው። ያ ሰው ስሙና እንጀራው ነው የተነካው፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ አንቺ ደፋር ሆነሽ ብትታይ ትክክል አይሆንም።

መምህሩንም ግን አልምራቸውም። ይህን ጋዜጣ የሚያነቡ ከሆነ ይስሙኝ፤ ማርክ ተገደው ቢቀይሩ እረዳቸዋለሁ፤ ሳያነቡ ራይት ማድረግን ግን ማንም አላስገደዳቸውም። የሚበቀሉት አባትየውን ነው፤ ዱላው የሚያርፈው ልጅቷ ላይ ነው። ፍጥነት በኪሎ ግራም ሲለካ አይቶ ራይት የሚያደርግ እጅ ከጮኸው አባት አፍ አይሻልም።

ቀጥሎ እናትሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ እማዬ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ልብ ብለሽዋል? ተከትላ ሄደች፣ ተከትላ ተመለሰች። እኔ እናቶችን ካወቅኩ፣ አንድ ነገር ሸትቷታል። ማታ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀመጪና የመጀመሪያውን ፈተና ወረቀት፣ ባለ 61ዱን፣ አሳያት። ጣልሽው እንዴ? ካልጣልሽው ከ84ቱ ካርድ ይበልጣል። ከእሷ ጋር ሆናችሁ ለወንድምሽ ደውሉለት። ገንዘቡን የሚልከው እሱ ስለሆነ እውነቱን የማወቅ መብት አለው፤ ደግሞም ከአባትሽ ጋር ሲነጋገር እንዳንቺ አይንቀጠቀጥም። “አባዬ፣ እኔ የምልከው ለ84 ሳይሆን እንድትማር ነው” የምትለው አንዲት ቃል ከእሱ አፍ ብትወጣ፣ ካንቺ አፍ ከሚወጣ መቶ ቃል ትበልጣለች። ወንድምሽ ራሱ ከተቆጣስ? ሊቆጣ ይችላል። ያኔ የአባትሽን ታላቅ ወንድም ወይም የንስሐ አባታችሁን በሽምግልና ማስገባት ነው፤ በቤታችሁ ማን እንደሚሰማ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

84ቱ ይመለስ ወይስ ይቅር? የእኔ ሐሳብ ይመለስ ነው። ያስጨመረው አባትሽ ስለሆነ እንዲመለስ መጠየቅ ያለበትም እሱ ነው። ይህን ያደርጋል ብዬ ቃል አልገባልሽም። አባቶች ፊታቸውን አጥፍተው የጮሁበት ቢሮ ተመልሰው መግባት ሞት ነው የሚሆንባቸው። ትራንስክሪፕትሽን ሳስብ ግን ዝም ማለቱም ያሳስበኛል። ነገ ውጭ አገር ላመልክት ብትዪ ትራንስክሪፕቱንና የብሔራዊ ፈተናውን ውጤት ጎን ለጎን የሚያይ ሰው አይጠፋም። አንዱ ሰማይ፣ አንዱ መሬት ሲሆን የሚጠረጠረው ሰማዩ ነው።

ባለ 79ዋን ጓደኛሽንም ዛሬውኑ አግኚያት። በሐቅ 79 ያመጣች ልጅ በ84 ስትበለጥ ምን እንደሚሰማት ላንቺ አልነግርሽም። “ካንቺ በታች ነኝ፤ ፊዚክስ አስጠኚኝ” በያት። ጥሩ ጓደኛ ከሆነች ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ትስቃለች።

ለጥናቱ ቦታ አጣሁ እንዳትዪኝ። ከአፍንጮ በር እስከ አራት ኪሎ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከተከፈተ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ተማሪ እዚያ ነው የሚውለው። ሁለታችሁ ማልዳችሁ ሄዳችሁ ቦታ ያዙ። የምትጀምሩት ከባለ 61ዱ ወረቀት ነው፤ ፎርሙላውን አውቀሽ ስሌቱን ካልጨረስሽባቸው ከሁለቱ ጥያቄዎች። እዚያ ላይ ትንሽ ነው የቀረሽ። ከዚያ ኤክስ ወደተደረገባቸው እለፉ። ሁለታችሁም የከበዳችሁን ለቲቸር ውሰዱት፤ ሁለት ሆናችሁ ስትሄዱ እሳቸውም ሳያነቡ ለማለፍ ይከብዳቸዋል።

ሌሎቻችሁ ይህን የምታነቡ ወጣቶች፣ ካርድ ሲመጣ “አስተማሪው ጠምዶኝ ነው” ለማለት አፋችሁ የሚቀድም ካላችሁ፣ ቢያንስ ወረቀታችሁን እጃችሁ ላይ ይዛችሁ በሉት። ወላጆችም ብትሆኑ ይህቺን ገጽ ከልጆቻችሁ ተቀብላችሁ የምታነቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትምህርት ቤት መሄዱ መልካም ነው፤ ወመተህ የሚባለው የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት የተቋቋመው ለዚህ ነው። ስትሄዱ ግን ገና ሰላምታ እንደሰጣችሁ “እስቲ የፈተና ወረቀቱን አምጡልኝ” በሉ። ልጁንም አጠገባችሁ አስቀምጡት።

እህታችን፣ እንግዲህ የሆነውን ጻፊልን። በተለይ ያ የኪሎ ግራም ወረቀት ነገር ልቤን ሰቅሎታል። ቲቸር ሲያርሙት ከ10 ስንት ሰጡሽ? ፎቶውን አትላኪ፤ ቁጥሩን ብቻ ጻፊልን።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!